አማቴን በካያክ የቀደምኩበት ቀን

ጥፋቱ የጀመረው ከምላሴ ነው። ባለፈው ዓመት ጁን ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሱሪዬ ውሃ እያንጠባጠበ ከሐይቅ ተመልሼ ሳሎን ገባሁና መስኮቱ አጠገብ ለተቀመጡት ለባለቤቴ አባት፣ «አባባ፣ ዛሬስ ፕሌን አደረግኩ» አልኳቸው። ማንም አልጠየቀኝም።

ፕሌን ማድረግ እንዲህ ነው። የሞተር ጀልባ ቀስ ብላ ስትሄድ ውሃውን እየሰነጠቀች ነው የምትሄደው። ነጂው ነዳጅ ሲሰጣት ግን አፍንጫዋን ቀና ታደርግና፣ ከውሃው ብድግ ብላ ከላይ ከላዩ መንሸራተት ትጀምራለች። እኔ ይሄንን ያለ ሞተር፣ በሁለት ክንድና በአንድ መቅዘፊያ፣ ያውም ሦስት ሜትር በማትሞላ አንድ ሰው ብቻ በምትይዝ የፕላስቲክ ጀልባ፣ በካያክ፣ አደረግኩ እያልኩ ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ካያክ ከየት አመጣህ ለሚለኝ፣ ስጦታ ነው። እዚህ ሚኒሶታ፣ አፕል ቫሊ፣ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አዛውንት ወደ ሞቃት ስቴት ሲዛወሩ ሁለት ካያክ ጋራዣችን ውስጥ ትተውልን ሄዱ። አንዷ ቀይ፣ አጭርና ወፍራም ናት። ሌላዋ ነጭ፣ ቀጭን፣ አምስት ሜትር የምትሆን ናት። እኔ ስኩል ባስ ስለምነዳ ሰመር ሲመጣ ሥራ የለኝም፤ ባለቤቴም ከሶፋው ላይ የምታስነሳኝበት ሰበብ ስትፈልግ ኖራለችና፣ «ሂድ፣ ውሃውን አስቸግር» አለችኝ። ሁልጊዜ የምወስደው ቀዩዋን ነበር። ረጅሟን ንቄያት ነው። ሃያ ዓመት መሪ የጨበጥኩ ሰው ነኝ፤ አውቶቡስና ቪትዝ እኩል ቢነሱ ማን እንደሚቀድም ለእኔ የሚነግረኝ የለም። አጭር ነገር ቀላል ነው፣ ቀላል ነገር ፈጣን ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

አማቴ ደሴ ላይ ከሠላሳ ዓመት በላይ ፊዚክስ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የባለቤቴ እናት ካረፉ በኋላ ብቻቸውን አይሁኑ ብለን አመጣናቸው። የወሎ ሰው አመላቸው ሆኖ ለሁሉም ነገር መልሳቸው «አብሽር» ነው፤ አይዞህ፣ ቀላል ነው እንደማለት። ወጡ ጨው በዛበት? አብሽር። ኢንተርኔቱ ተቋረጠ? አብሽር። መኪናዬን በረዶ ላይ አንሸራትቼ የጎረቤት ፖስታ ሳጥን ስገጭ እንኳ ከጎኔ ተቀምጠው አብሽር ብለውኛል።

ከዚያ ጁን በፊት ከነበረው የበረዶ ወቅት ጀምሮ ግን መርሳት ጀመሩ። የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሰግደው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ስንት ረከዓ ሰገድኩ?» ይሉኛል። ሦስት ይሁን አራት እኔ ምን አውቄ፤ «አራት ነው አባባ፣ አላህ ይቀበልዎት» እላለሁ። ቁርስ ላይ የነገሩንን ወሬ ምሳ ላይ መልሰው ይነግሩናል። ባለቤቴ ለዚህ ሕግ አውጥታለች፤ ማንም «ነግረኸናል» እንዳይላቸው። ስለዚህ አምስት ጊዜ የሰማሁትን ቀልድ ዛሬ ገና እንደሰማ ሰው መሳቅ እዚህ ቤት የተማርኩት ሙያ ነው። ጎበዝ ሆኜበታለሁ፤ አንዳንዴ እንባዬን ሁሉ እጠርጋለሁ።

ባለቤቴ ሐኪም ጋ እንሂድ ስትላቸው አብሽር ይሏታል። እሳቸው ግን ያውቁ ነበር። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ሆነን፣ ከመስኮቱ ሳይዞሩ፣ «ልጄ፣ ቁልፍ ቢጠፋኝ፣ የሰው ስም ቢጠፋኝ፣ ግድ የለኝም» አሉኝ። «ፊዚክሱ ከጠፋኝ ግን ያን ጊዜ እኔ የለሁም።» ሬዲዮ ከፈትኩ።

እንግዲህ ፕሌን አደረግኩ ያልኩት ለእኚህ ሰው ነው። አብሽር ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ከመስኮቱ ዞር አሉና፣ «አይቻልም» አሉ።

«ኧረ አባባ፣ አፍንጫዋ ቀና ብሎ አይቼዋለሁ።»

«ኋላዋስ?»

«ኋላዋ... ትንሽ ሰመጥ ብላ ነበር።»

«ስትበረታ ፍጥነቷ ጨመረ ወይስ ድካምህ?»

ውሸት ፈልጌ አጣሁ። «ድካሜ» አልኩ።

ደብተር አመጡ። ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ ብላ አባቷ እስክሪብቶ መያዛቸውን ስታይ ሽንኩርቱን ትታ መጣች። እሳቸውም ሣሉልን። ጀልባ ስትሄድ አፍንጫዋ ሥር ማዕበል ትሠራለች። በፈጠነች ቁጥር ያ ማዕበል ይረዝማል፤ ከአንዱ ጫፍ እስከሚቀጥለው ጫፍ ያለው ርቀት ይሰፋል። ርዝመቱ የጀልባዋን ርዝመት ሲያክል አፍንጫዋ አንዱ ጫፍ ላይ፣ ጅራቷ ሌላው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በላይ ልሂድ ስትል ሁለተኛው ጫፍ ወደ ኋላ ያመልጣታል፣ ጅራቷ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ አፍንጫዋ ሽቅብ ይቀራል።

«ራስህ የሠራኸውን ዳገት ነው ስትወጣ የነበረው» አሉኝ። «የሞተር ጀልባ ጉልበት ስላላት ዳገቱን ጨርሳ አናቱ ላይ ትወጣለች። የሰው ክንድ አይበቃም። አንተ ግማሽ ዳገት ላይ ቆመህ ነው ፕሌን አደረግኩ ያልከኝ።»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚባለው ለካ እኔ ላይ ሲደርስ ኖሯል። ረጅሟ ጀልባ ደግሞ ማዕበሏ ከርዝመቷ እስኪስተካከል ብዙ ፍጥነት ይቀራታል፤ ዳገቱ ዘግይቶ ነው የሚመጣባት። «የፍጥነት ወሰኗ በርዝመቷ ልክ ሳይሆን በርዝመቷ ስኩዌር ሩት ነው የሚያድገው፤ አራት እጥፍ ብታስረዝማት ወሰኗ እጥፍ ይሆናል» ሲሉ ድምፃቸው ከፍ አለ፣ ጣታቸው አየር ላይ ሄደ። ባለቤቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ታያቸዋለች። እኔም ደስ አለኝና የዱሮ ተማሪ ሆኜ፣ «በአውቶቡስ ግን እንደዚያ አይደለም» አልኩ። «እንግዲያው እንሞክረው» አሉ።

ማክሰኞ ዕለት ሦስታችንም ሐይቁ ጋ ነበርን። ከቤታችን አሥር ደቂቃ ነው። አማቴ ወሎ ውስጥ ሐይቅ በምትባለው ከተማ አጠገብ ያደጉ፣ በልጅነታቸው ታንኳ የቀዘፉ ናቸውና ውሃ አይፈሩም። ላይፍ ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ከላይ ቆባቸውን አድርገው፣ ሙከራውን ደብተራቸው ላይ ሁለት ቦታ ከፈሉት። በመጀመሪያ እሳቸው ረጅሟን፣ እኔ አጭሯን ይዘን ከእንጨቱ መድረክ እስከ ብርቱካናማዋ ተንሳፋፊ ኳስ። ቀጥሎ ተለዋውጠን ያንኑ መንገድ። ትንቢታቸውንም አስቀድመው ጻፉ፦ በሁለቱም ዙር ረጅሟ ትቀድማለች። ባለቤቴ ስልኳን ይዛ መድረኩ ላይ ቆመች።

በመጀመሪያው ዙር ከልቤ ቀዘፍኩ። ወላሂ ከልቤ። እሳቸው ትንሽ ተወላገዱና ከዚያ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ሳይቸኩሉ፣ አንድ በአንድ እየቀዘፉ ሄዱ። እኔ ውሃውን አረፋ በአረፋ አደረግኩት። ቀዩዋ አፍንጫዋን አንስታ ሰማይ ታያለች እንጂ ወይ ፍንክች። የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ጀርባቸውን እያሳዩኝ ኳሷን ነኩ። ዳገቱን ያን ቀን በክንዴ አወቅኩት።

ከዚያ ተለዋወጥን። አሁን እኔ ረጅሟ ላይ ነኝ። ገና አምስት ጊዜ ሳልቀዝፍ እንዴት እንደምትሄድ ገባኝ፤ ዝም ብላ፣ ያለ ጫጫታ፣ እንደተቀባ ነገር። ዞር ስል አማቴ ቀዩዋ ውስጥ ተጎንብሰው፣ አንገታቸው ሥር ያለው ጅማት ቆሞ፣ እየታገሉ ነው። ልጃቸው መድረኩ ላይ ቆማ ታያለች። ሣሩ ላይ ሥጋ የሚጠብሱ ሰዎችም ቀና ብለዋል። እና እኔ ማነኝ? መንገድ ላይ አዛውንት ቀድሜ ካለፍኩ እናቴ ጆሮዬን ስትቆነጥጠኝ ያደግኩ ልጅ ነኝ። በር ላይ እሳቸው ሳይገቡ ገብቼ አላውቅም፣ ማዕድ ላይ እሳቸው ሳይቆርሱ ቆርሼ አላውቅም። ታዲያ ሚኒሶታ ሐይቅ ላይ፣ ልጃቸው ፊት፣ ጥያቸው ልሂድ?

መቅዘፊያዬን ውሃው ላይ ዳሰስ ዳሰስ ማድረግ ጀመርኩ። የምታገል እንድመስል ትንፋሼን አጮኽኩ። እሳቸው ደረሱብኝ፣ አለፉኝ፣ አንድ ክንድ ቀድመውኝ ኳሷን ነኩ። እንደገና ይደረግ አሉ፤ ሳይንስ አንድ ጊዜ አይበቃውም። ደግመን፣ ሠልሰን አደረግነው። በሦስተኛው ጊዜ መሸነፉን እንዲህ አሳምሬው ስለነበር እኔ ራሴ ተደነቅኩ። «አባባ፣ ጉድ አደረጉኝ እኮ» አልኳቸው እያለከለክኩ።

አማቴ ከካያኳ ሲወጡ እጄን ያዙ፣ ደብተራቸውን አነሱ፣ መኪና ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። እኔ ደግሞ ደክሟቸው ነው ብዬ ኮራሁ፤ አማቱን ያስደሰተ አማች ሆኜ እያፏጨሁ ድራይቭ አደረግኩ።

በማግሥቱ ቁርስ አልበሉም። ምሳም አልበሉም። ደብተሩን ፊታቸው ዘርግተው ያንኑ ሥዕል ደጋግመው ይሥላሉ፣ ይሰርዛሉ። አሥር ሰዓት ላይ ባለቤቴ፣ «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለቻቸው።

«ተበላሽቷል» አሉ።

«ምኑ?»

በእስክሪብቶው ጭራ ግንባራቸውን መታ መታ አደረጉ። «በየትኛዋም ብቀዝፍ ቀደምኩ፤ አጭሯም ረጅሟም እኩል ሆኑ። ማዕበሉን የማውቅ መስሎኝ ነበር። አንድ ነገር ገልብጬዋለሁ፤ የቱ ጋ እንደገለበጥኩት ግን አላገኘውም።» ቀጥለውም በጣም ቀስ ብለው፣ «ስንቱን ልጅ እንዲህ ብዬ አስተምሬዋለሁ» አሉ።

ባለቤቴ ከእሳቸው ፊት ወደ እኔ ፊት ዞረች። አሥራ ስምንት ዓመት በትዳር ኖረናል፤ ፊቴን እንደ ቴሌቪዥን ነው የምታየው። እጄን ይዛ ጋራዥ ውስጥ አስገባችኝና፣ «ምን አድርገህ ነው?» አለች።

ነገርኳት። «ሦስቴ?» አለች።

«ሳይንስ አንድ ጊዜ አይበቃውም ስላሉ ነው።»

«ሂድና ንገረው።»

«አብደሻል እንዴ? ትልቅ ሰው ፊት ቆሜ ሆን ብዬ ተሸነፍኩልዎ ልበላቸው? ስድብ እኮ ነው። አንቺ ንገሪያቸው።» ሽማግሌ ልኬ መታረቅ አምሮኝ ነበር፤ ሽማግሌው ግን ራሳቸው ሆኑብኝ። ባለቤቴ የሳሎኑን በር ከፍታ በጣቷ አሳየችኝ።

ፊታቸው ምንጣፉ ላይ ተንበረከክኩ። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ረጅሟ ላይ ሆኜ አልቀዘፍኩም። ልቀድምዎ አፍሬ ነው። ፊዚክሱ ትክክል ነው፤ ስህተቱ እኔ ነኝ።»

ይስቃሉ ብዬ ነበር። ፊታቸው ግን ቀላ። እኚህ አብሽር ባይ ሰው ሲቆጡ አይቼ አላውቅም። «እኔ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ስቀብር ነው ያደርኩት» አሉ። «ልቀድምዎ አፈርኩ ትላለህ፤ ውጤቴን ስትሰርቀኝ አላፈርክም?»

አንገቴን ደፋሁ። ባለቤቴም በሩን ተደግፋ አለቀሰች። ያን ጊዜ ክፉኛ አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ። ለእሳቸው ክብር ብዬ ያደረግኩት ነገር ከሁሉም በላይ የሚፈሩትን ነገር አመጣባቸው።

አማቴ ደብተሩን ከድነው፣ «አሁንም ልታጽናናኝ ብለህ እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ አንዴ የዋሸ ምላስ ምን ዋስትና አለው። «ተነሥ» አሉኝ። «ካያኮቹን ጫን።»

ሐይቁ ጋ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር። አማቴ ቀዩዋ ውስጥ ገቡ፣ እኔ ነጯ ውስጥ። ከመነሳታችን በፊት መቅዘፊያቸውን እኔ ላይ ቀስረው፣ «ከልብህ ካልሆነ ቤቴ አትገባም» አሉ። ቤቱ የእኔ መሆኑን ለማስታወስ ጊዜው አልነበረም። ባለቤቴ መድረኩ ላይ ቆማ «ሂዱ» አለች።

ቀዘፍኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እናቴም ከመቃብሯ ይቅር ትበለኝ፣ አዛውንቱን ጥዬ ቀዘፍኩ። ነጯ ያለ ድምፅ ሄደች። ኳሷ ጋ ስደርስና ዞር ስል አማቴ ገና መንገዱ አጋማሽ ላይ ናቸው። የቀዩዋ አፍንጫ ሽቅብ ተገትሯል፣ ጅራቷ ተቀብሯል፣ እሳቸው ውስጧ ሆነው ዳገቱን ይቧጥጣሉ። እየሳቁ ነው። ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ቆባቸው ወደ አንድ ጆሮ ተንሸራቶ፣ እየተሸነፉ ይስቃሉ። እኔን ሳይሆን ከአፍንጫዋ ሥር የሚፈላውን ማዕበል ነበር የሚያዩት።

በዚህ መሐል አንድ የሞተር ጀልባ ከወዲያ ማዶ ውሃው ላይ የሚንሸራተት ሰው በገመድ እየጎተተ አለፈ። ማዕበሉ ዘግይቶ ደረሰ፤ ከበስተኋላቸው መጣና የቀዩዋን ጅራት ከጉድጓዱ ብድግ አደረገው። አፍንጫዋ ወደ ታች ተስተካከለ። ከዚያማ ለቀቃት። ያቺ ድብልብል ካያክ ሞተር እንደገጠሙላት ከውሃው ላይ ተንሸራታ በአጠገቤ ሽው ብላ አለፈች። አማቴ መቅዘፊያቸውን አየር ላይ ይዘው፣ «ይሄ አይቆጠርም! ይሄ አይቆጠርም!» እያሉ ሄዱ። ከእኛ ቤት ሰው ፕሌን ያደረገ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም አይቆጠርም አሉ።

ካያኮቹን መኪናው አናት ላይ ስናስር ውሃ እያንጠባጠቡ አስረዱኝ። «ለምን አይቆጠርም እንዳልኩ ታውቃለህ? ያ ማዕበል የእኔ አይደለም። ጉልበቱን የከፈለው የዚያ ሰውዬ ሞተር ነው። የሰው ማዕበል ቁልቁል ሲሰጥህ ዳገትህን ያስረሳሃል እንጂ ዳገትህ የትም አልሄደም።» ሦስታችንም ሳቅን። ባለቤቴ አባቷን ትከሻቸው ላይ ሳመቻቸው። ደብተራቸው ላይ ውጤቱን ጻፉ፣ ከሥሩ አሰመሩበት። በልጅነቴ ኢድ ሲደርስ እንደሚሰማኝ ያለ ደስታ ነበር የተሰማኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ እሳቸው ከጎኔ፣ ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ቆምን። አማቴ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው ያበራል። «እኔ የምልህ፣ ያ ማዕበል ሲያነሳኝ ለምን አይቆጠርም እንዳልኩ ታውቃለህ?» አሉኝ።

በመስታወቱ የባለቤቴን ዓይን አየሁ። ምን እንደምትለምነኝ ገብቶኛል። አፌም የለመደውን ሊሠራ፣ «ለምን አባባ?» ሊል ተከፍቶ ነበር። አምስት ደቂቃ አልሞላውም ከነገሩኝ።

«አውቃለሁ አባባ» አልኩ። «አሁን ካያኩን ስናስር ነግረውኛል።»

ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ቆየ፤ ቀስ እያለ ነው የሄደው። «ነግሬሃለሁ?»

«አዎ። ማዕበሉ የሰው ነው አሉኝ። ሳቅን።»

«ከዚህ በፊትስ እንዲህ አደርጋለሁ?»

«ያደርጋሉ፣ አባባ።»

ከኋላ ባለቤቴ ትንፋሿን ስትስብ ሰማሁ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ እኔ ግን አልተንቀሳቀስኩም፣ ከኋላችን ያለው መኪናም ጡሩምባ አልነፋም። አማቴ ደብተራቸውን ከፈቱ። ሰዓቱን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከውጤቱ ሥር ሰዓቱን ጻፉ፣ ከሰዓቱ ጎን ደግሞ «ደገምኩ» ብለው ጻፉ። ጽሑፋቸው እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነበር።

ከዚያ ሳይዞሩ ልጃቸውን፣ «ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ ያዢልኝ» አሏት። «የሚወስደኝ ግን እሱ ነው። አንቺ ታዝኚልኛለሽ።»